ስለ ተማሪ ማነስ በወይራ አምባ የተደረገ ስብሰባ

የወይራ አምባ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት
የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ኮሚቴ
አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ ትምህርት ቤቱ ካሉት ሁለት ክፍሎች ጣሪያ ያለው። የሌላኛውን ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል።

ሰዓት፦ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ሊቀመንበሩ መዘግየቱ ከአስቸኳይነቱ ጋር እንደማይጋጭ አስረድተዋል።

የተገኙ አባላት

1. አቶ ደግሰው፣ ሊቀመንበር፤ አርሶ አደር

2. ቄስ ገብረ ዮሐንስ፣ የሃይማኖት አባቶች ተወካይ፤ በደብሩ የአብነት ተማሪዎችን የሚያስተምሩ

3. ወ/ሮ ባንችይርጋ፣ የእናቶች ተወካይ

4. አቶ ሙሐዲን፣ ገንዘብ ያዥ፤ ከታች በመኪናው መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው

5. መምህርት ሔለን፣ ርእሰ መምህርት፤ ባልደረባቸው ከተዛወረ ወዲህ የሁሉም ክፍል የሁሉም ትምህርት መምህርት

6. ምስጋኑ፣ ጸሐፊ፤ ላሊበላ የቱሪስት አስጎብኚ የነበረ፣ እንግዳ ሲጠፋ ወደ ትውልድ ቀበሌው የተመለሰ፤ «ከፈረንጅ ጋር ያወራ ሰው መጻፍ አያቅተውም» ተብሎ የተመረጠ

ያልተገኙ

7. አቶ ኪዳን፣ አባል፤ ገብስ እያጨዱ ስለሆነ

8. ተማሪ ባንቺዓለም፣ የተማሪዎች ተወካይ፤ ስብሰባ ስላለ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ቤቷ ስለተላከች

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

ጉባኤው ሙሉ የሚሆነው በሰባት ሰው ነው፤ የተገኘነው ስድስት ነን። ሊቀመንበሩ ሊበትኑት ሲሉ፣ ቄስ ገብረ ዮሐንስ አቶ ኪዳን ማሳቸው ላይ ሆነው በመስኮቱ በኩል ቁልጭ ብለው እንደሚታዩ አመለከቱ። ከረጅም ውይይት በኋላ በዓይን የሚታይ አባል እንደተገኘ ይቆጠር ተብሎ ተወሰነ። ድምፅ ሲሰጥ ምን እንደሚደረግ ጸሐፊው ጠይቆ፣ አቶ ኪዳን ማጭዳቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር እንደ ድጋፍ እንዲያዝላቸው ተወስኗል። በዚህ መሠረት አቶ ኪዳን የተቃወሙት ነገር የለም።

አጀንዳ ከመጀመሩ በፊት

መምህርት ሔለን ቅሬታ አላቸው። ተማሪዎቹ ጠዋት መጥተው ክፍሉ ለስብሰባ ተይዟል ተብለው ከበር ተመልሰዋል፤ ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን፣ ወይም ደግሞ ውጭ ወይራው ሥር ቢደረግ ምን ይጎድለው ነበር ሲሉ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ሲመልሱ እሁድ ሰው እንደሚያርፍ፣ ዛፍ ሥር የሚነገረው ነገር ደግሞ ሽምግልና እንጂ ውሳኔ እንደማይባል ገለጹ። የመምህርቷ ቅሬታ ተመዝግቦ እንዲታለፍ ተወሰነ።

ተመዝግቧል። ታልፏል።

አጀንዳ አንድ፦ የገንዘብ ያዥ ሪፖርት

አቶ ሙሐዲን ባቀረቡት ሪፖርት ሳጥኑ መኖሩን፣ ቁልፉም መኖሩን፣ በሳጥኑ ውስጥ ግን ምንም አለመኖሩን አስታወቁ። ባለፈው ጊዜ መንግሥት የላከው ድጎማ በዚሁ ኮሚቴ ውሳኔ «ሞዴል ትምህርት ቤት» ለሚል ታፔላና ለማኅተም ውሏል። ታፔላው ከጣሪያው ጋር አብሮ በነፋስ ተወስዷል። ማኅተሙ አለ።

አያይዘውም ጠመኔ ሲያልቅ ከራሳቸው ሱቅ በአህያ እየጫኑ እንደሚያመጡ ጠቀሱ። ሊቀመንበሩ ይህ አነጋገር ዱቤ መጠየቅ ይመስላል ሲሉ፣ አቶ ሙሐዲን ወላሂ ስለ ጠመኔው ምንም እንዳልጠየቁ፣ ይጻፍ ብቻ እንዳሉ መለሱ። ተጽፏል። ሪፖርቱ አጭርና ግልጽ ስለነበር ኮሚቴው አመስግኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ የተማሪ ቁጥር ስለሚጨምርበት ሁኔታ

ሊቀመንበሩ ከወረዳው የወረደውን መመሪያ አብራሩ። ድጎማ የሚመጣው በተማሪ ብዛት ነው። ስልሳ ተማሪ ያልሞላ ትምህርት ቤት ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ድጎማው ይቋረጣል፤ መምህሯም ተማሪዎቹም በቅርብ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ለእኛ ቅርብ የተባለው ማዶ ያለው ጎሽ ሜዳ ነው። ጎሽ ሜዳ ለዓይን ቅርብ ነው፤ ዶሮው ሲጮህ እዚህ ይሰማል። ለእግር ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሌላ ገደል መውጣት ነው።

በእኛ ትምህርት ቤት የተመዘገቡት አርባ አንድ ናቸው። መምህርት ሔለን ትምህርት ተቋርጦ በነበረባቸው ጊዜያት የቀሩት ብዙዎቹ እንዳልተመለሱ፣ ለምን እንዳልተመለሱም ኮሚቴው ቤት ለቤት ሄዶ ቢጠይቅ እንደሚሻል ሐሳብ አቀረቡ። ኮሚቴው የመውጣት የመውረድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ሊጨርሰው የሚችለውን ሐሳብ ያስቀድም ተብሎ ታለፈ።

ከዚህ በኋላ የሚከተሉት የውሳኔ ሐሳቦች ቀረቡ።

ሊቀመንበሩ፣ አራተኛ ክፍል ሲጨርሱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ተማሪዎች ሁኔታው እስኪስተካከል በሙሉ ይውደቁ አሉ። መምህርት ሔለን ያለፈን ልጅ መጣል እንደማይችሉ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ የራሳቸው ልጅ ሁለት ጊዜ ወድቆ ለትምህርት ቤቱ ቁጥር ያደረገውን አስተዋጽኦ በምሳሌነት አነሱ። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

አቶ ሙሐዲን ከዕድሜ በታች ያሉትም ነገ መምጣታቸው ስለማይቀር ከወዲሁ ይመዝገቡ አሉ። ምን ያህል ከዕድሜ በታች ተብለው ተጠይቀው፣ በእናታቸው ጀርባ ያሉትንም እንደሚጨምር አስረዱ። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ወደ እርጉዞችም ሊያሰፉት ሲጀምሩ ወ/ሮ ባንችይርጋ ወንዶቹ በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲያቆሙ ጠየቁ። ቆሙ። ሆኖም እስከ ጀርባ ያለው አልፏል።

ጸሐፊው በበኩሉ፣ ቆርቆሮ በነፋስ የሚወሰድ ከሆነ አዲስ የመማሪያ ክፍል ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ እንዲሠራ፣ ያን ጊዜ ቅርስ ስለሚሆን ማንም ሊያጥፈው እንደማይደፍር፣ እንግዶችም ከገነተ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ እንደሚሉ አብራራ። ማብራሪያው ረጅም ነበር። ሊቀመንበሩ ማን እንደሚፈለፍለው ጠየቁ። ጸሐፊው የላሊበላን ታሪክ ጠቅሶ፣ ጥንትም ቢሆን የሰው እጅ ብቻውን እንዳልሠራው ተናገረ። ቄስ ገብረ ዮሐንስ መላእክት በማመልከቻ እንደማይመጡ አስገነዘቡ። ጉዳዩ በንዑስ ኮሚቴ እንዲጠና ተወስኖ፣ ጸሐፊው የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል ሆኖ ተመርጧል።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ የቄስ ገብረ ዮሐንስ የአብነት ተማሪዎች በቆጠራው ዕለት እዚህ ቢቀመጡ ብለው ጠየቁ። ቄሱ ለግማሽ ቀን እንደሚያውሷቸው፣ ነገር ግን ምንም እንዳይማሩ፣ ከሠርክ ጸሎት በፊትም በቁጥር እንዲመለሱላቸው አሳሰቡ። መምህርት ሔለን ልጅ ዕቃ ነው ወይ የሚዋሰው አሉ። ቄሱ፣ አንድ ልጅ ዳዊት እስኪደግም ስንት ዓመት እንደለፉበት፣ ከእርሳቸው ዘንድ ወጥቶ ወደ ዘመናዊ የሄደ ልጅ ደግሞ እንዳልተመለሰላቸው መለሱ። ንግግሩ ከሮ ነበር። አቶ ኪዳን በዚህ መሀል ማጭዳቸውን ስላነሱ ውሰቱ ጸድቋል።

ወ/ሮ ባንችይርጋ እስከዚህ ድረስ ብዙ አልተናገሩም ነበር። ሊቀመንበሩ ሐሳብ እንዲሰጡ ሲጋብዟቸው ተነሥተው ቆሙ፤ ቀሚሳቸው በልጆቹ ዴስክ ሚስማር ተይዞ ስለነበር መነሣቱ ጊዜ ወሰደ።

«እኔ ሐሳብ የለኝም» አሉ። «ጥያቄ ነው ያለኝ። ይኼ ሁሉ ሳይሆን ቢቀርስ? ልጄ ማዶ መሻገር ከጀመረች እስከ ግንቦት ትሄዳለች። ሰኔ ወንዙ ሲሞላ ትቀራለች። የቀረች ልጅ ደግሞ ቤት ቁጭ ስትል ሽማግሌ ይላክባታል። አባቷ በሕይወት የለ፤ እኔ ብቻዬን ስንቱን ሽማግሌ እመልሳለሁ?»

ልጃቸው ከላይ በተራ ቁጥር ስምንት የተጠቀሰችው ባንቺዓለም ናት። አራተኛ ክፍል ናት። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት እንድትወድቅ ወስነንባት ነበር።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጥያቄው ከባድ መሆኑን፣ ከባድ ጥያቄ ደግሞ በልዩ ልዩ ሥር እንደሚታይ ተናገሩ።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ። የመጡት አቶ ባምላክ የሚባሉ የወረዳው የትምህርት ባለሙያ ናቸው። መንገዱ እስከሚያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ ሰው እስከሚያልቅ በእግር መጥተው ላብ አጥምቋቸዋል። የመጡት ተማሪ ለመቁጠር ነው። ሳይነግሩ የመጡበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቆጠራ ሲሰሙ ልጅ ስለሚዋሱ ነው አሉ። ቄስ ገብረ ዮሐንስ ጣሪያውን ተመለከቱ።

አቶ ባምላክ በሩ ላይ ቆመው አዩን። ስድስታችንም በልጆቹ ዴስክ ተቀምጠናል፤ ጉልበታችን ከዴስኩ በላይ ነበር።

«ተማሪዎቹስ?» አሉ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ስላለ ወደ ቤታቸው እንደተላኩ ገለጹ።

«የምን ስብሰባ ነው?»

«ስለ ተማሪ ማነስ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

አቶ ባምላክ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። ሊቀመንበሩ ነገሩን ለማቅለል አቶ ኪዳን በመስኮት እየታዩ የተቆጠሩበትን አሠራር አስረድተው፣ የተማሪዎቹም ቤቶች በዚሁ መስኮት ስለሚታዩ በተመሳሳይ መንገድ እንዲቆጠርላቸው ጠየቁ። አቶ ባምላክ ወደ መስኮቱ ሄደው አቶ ኪዳንን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።

«እኔ የማየውን ነው የምጽፈው» አሉ። «ደስ ብሎኝ አይደለም። ባለፈው ዓመት የተነገረኝን ጽፌ፣ ጣሪያ ሊያገኝ የሚገባው ትምህርት ቤት ቀርቶ ባዶ ቤት ጣሪያ ተሠራለት። ዛሬ ከዚህ ስወርድ ሌሎች ሁለት አሉብኝ። ተመልሼ አልመጣም።»

መምህርት ሔለን ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዞሩ። ሰሌዳው ላይ የትናንቱ የማባዛት ሒሳብ ነበር፤ ጸሐፊው አጀንዳውን የጻፈው ግማሹን አጥፍቶ ነው።

ወ/ሮ ባንችይርጋ ልጆቹን እስኪጠሩ ድረስ ባለሙያው እንዲቀመጡ ለመኑ። ሊቀመንበሩ መጥራቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑ በድምፅ ይወሰን ብለው እጅ በማስወጣት ላይ ሳሉ፣ ወ/ሮ ባንችይርጋ ወጥተው አፋፉ ላይ ቆሙ። ስለሆነም ውሳኔው ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጠራራቸው እንዲህ ነበር፦ «ኧረ ባንቺዓለም! ተማሪ በሙሉ ይምጣ በይ! ሰው እየቆጠረ ነው በይ!»

ባንቺዓለም ከታች ከቤታቸው ደጅ ተቀብላ ለቀጣዩ መንደር አስተላለፈች። ከዚያ የሌላ ልጅ ድምፅ፣ ከዚያም የሌላ እየሆነ ጥሪው ከሸንተረሩ ወዲያ ዞረ። ኮሚቴው ውጭ ወጥቶ ቆመ። ጸሐፊው በአስጎብኚነቱ ዘመን ብዙ ነገር አይቻለሁ ብሎ ሲናገር የሚሰማ ሰው ነው፤ በዚህ ቦታ ግን ጥሪውን በጣቱ እየተከተለ መንደሮቹን ቆጠረ።

ልጆቹ በየአቅጣጫው ይታዩ ጀመር። ከአጨዳ የመጡ አሉ፤ ታናሻቸውን አዝለው የመጡ አሉ። እንስራቸውን መንገድ ዳር አስቀምጠው የሮጡም ነበሩ። የአቶ ኪዳን ልጅ ነዶ ጥላ ስለሮጠች አባትየው ማጭዳቸውን ይዘው ከኋላዋ መጡና ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ተነገራቸው።

መምህርት ሔለን ልጆቹን አሰልፈው ስማቸውን ጠሩ። አርባ አንዱም ተገኙ። አቶ ባምላክ ቆጥረው ሲጨርሱ፣ ከአጥሩ ውጭ ሌሎች ልጆች ቆመው እንደሚያዩ አስተዋሉ። ጥሪውን ሰምተው የመጡ ናቸው፤ በሩ ክፍት ነው፣ ግን አልገቡም። ባለሙያው ወደ አጥሩ ሄደው ከፊት የቆመችውን ልጅ ስሟን ጠየቁ። ውባንተ እንደምትባል፣ ቤቷም ከአቶ ደግሰው ቤት ጎን እንደሆነ ተናገረች።

«ለምን አትገቢም?»

«አልተመዘገብኩም።»

«ለምን?»

ልጅቷ ሊቀመንበሩን አየች፣ ከዚያ መሬቱን። «ገብሱን አልሰጠንማ» አለች። «የአጥሩን።»

አቶ ባምላክ የምን ገብስ እንደሆነ ኮሚቴውን ጠየቁ። የኮሚቴው አባላት አጥሩን ተመለከቱ። ደግመው ሲጠይቁ ሊቀመንበሩ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር እንዲኖረው ታስቦ እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ቁና ገብስ እንዲያዋጣ መደረጉን፣ መዋጮውም በፈቃደኝነት የተወሰነ ግዴታ እንደሆነ አስረዱ። ያላዋጣ ወላጅ ልጁን ማስመዝገብ አይችልም። ባለሙያው ትምህርት በነፃ እንደሆነ ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ትምህርቱ በነፃ መሆኑን፣ የሚከፈለው ለአጥሩ ብቻ መሆኑን ገለጹ። ንግግራቸውን ከጨረሱ በኋላ ራሳቸውም የሰሙት ይመስላል፤ ቆባቸውን አውልቀው ያዙ።

ይህን የወሰነው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አቶ ሙሐዲን በስብሰባው ላይ መገኘታቸውን እንጂ መናገራቸውን እንደማያስታውሱ፣ ጸሐፊውም መጻፉን እንጂ መወሰኑን እንደማያስታውስ ተናገሩ። መምህርት ሔለን ያን ጊዜ ተቃውመው እንደነበር፣ ተቃውሟቸውም ተመዝግቦ እንደታለፈ ገለጹ።

ወ/ሮ ባንችይርጋ ግን እንዲህ አሉ፦ «እኔ እጄን አውጥቻለሁ። ሰው ሲያወጣ ነው ያወጣሁት። ገብስ የነበረኝ ዓመት ነው፤ የሌለው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።» ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደው የውባንተን እጅ ይዘው አስገቧት። ሌሎቹ ተከትለው ገቡ። ከመካከላቸው ቁመታቸው ከጸሐፊው የማይተናነስ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ፤ አንደኛ ክፍል እንደሚገቡ ሲነገራቸው ግድ እንደሌላቸው ተናግረዋል።

ቄስ ገብረ ዮሐንስ አጥሩን እየዳሰሱ ጥሩ ሥራ መሆኑን መሰከሩ። አንድም ጥጃ እንዳልገባ፣ ያስቀረው ልጆቹን ብቻ እንደሆነም ጨመሩ። መዋጮው የተወሰነበትን ስብሰባ በጸሎት የከፈቱት እርሳቸው እንደነበሩ ያስታወሳቸው ሰው የለም፤ ራሳቸው አስታወሱ።

መምህርት ሔለን አዲሶቹን እዚያው ቆመው መዘገቡ። አቶ ባምላክ ሲደምሩ ስልሳ አልሞላም፤ አራት ጎደለ። ሊቀመንበሩ ለአራት ልጅ ብሎ ወንዝ የሚያሻግር መንግሥት የለም አሉ። ባለሙያው አዝነው፣ ቁጥር ቁጥር እንደሆነ መለሱ። ባንቺዓለም የሰልፉን ልጆች በለሆሳስ ደግማ ስትቆጥር ተሰማች፤ የመጣላት ያው ቁጥር ነበር።

በዚህ ጊዜ ቄስ ገብረ ዮሐንስ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ደብሩ ወረዱ። ሲመለሱ አራት የአብነት ተማሪዎች ከነደበሏቸው ተከትለዋቸዋል። አቶ ባምላክ አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ ቄሱን ተመለከቱ።

«አባ፣ ለዛሬ ነው ወይስ ለዓመቱ?»

ቄሱ የአንደኛውን ልጅ ደበሎ አስተካከሉ። በመጨረሻ፣ «ለዓመቱ ነው» አሉ። «ዳዊታቸውን ሳይነጋ ይደግሙልኛል። ከነጋ በኋላ የእሷ ናቸው።» በእጃቸው ወደ መምህርት ሔለን አመለከቱ። «የማይመለሱ ከሆነም አይመለሱ። ማንበብ ይወቁ ብዬ አይደል እኔስ ያስተማርኳቸው።»

መምህርት ሔለን ጎንበስ ብለው የቄሱን መስቀል ተሳለሙ። ጠዋት ስለተናገሩት ነገር ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ ቄሱ በእጃቸው አስቆሟቸው። ጸሐፊው ይህን የሚያሰፍረው የትኛው አጀንዳ ሥር እንደሚገባ ሳያውቅ ነው።

አቶ ባምላክ ስልሳ ብለው ጻፉ። ነገር ግን ማንም እንዳይሳሳት ሲሉ ተናገሩ። ቁጥሩን የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው፤ በጀቱን የሚፈርመው ሌላ ነው። ስልሳው በየቀኑ ካልተገኘ በሁለተኛው መንፈቅ የሚመጣው ሰው የሚያየውን ይጽፋል። ስለ ጣሪያውም ይጽፋሉ፣ ስለ ወንዙም ይጽፋሉ፤ ስለ ገብሱ ግን መጻፍ ወይም አለመጻፋቸው ኮሚቴው ከዚህ በኋላ በሚያደርገው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው።

ሊቀመንበሩ በደስታ ብዛት እንግዳው ሳይበሉ እንዳይሄዱ፣ ለዚህም ከየቤቱ ትንሽ መዋጮ እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም ተመለከታቸው። ሐሳባቸውን ስበዋል። አቶ ሙሐዲን ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ለእንግዳው ሰጡ፤ እርሳቸውም ቆመው በልተው ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ውሳኔ

ቀጥሎ አቶ ደግሰው ጸሐፊውን ጠርተው፣ «ዛሬ የወሰንነውን ሁሉ ሰርዝ» አሉ። ጸሐፊው የትኛውን ብሎ ጠየቀ። «ሁሉንም። የአጥሩን ገብስም ጨምር። የሚወድቁትን ልጆችም፣ ያንተን አለትም።» ጸሐፊው ስለ አለቱ ንዑስ ኮሚቴው ገና እንዳልተወያየ ለማስረዳት ሞክሮ ተቀባይነት አላገኘም። አቶ ደግሰው ከዚያ ወደ ውባንተ አባት ቤት ሄደው ራሳቸው እንደሚነግሯቸው ገልጸው፣ ይህ እንዳይጻፍ ጠየቁ። ጸሐፊው በስሕተት ጽፎታል።

በዚሁ መሠረት ከአጀንዳ አንድ እስከ ሦስት በዛሬው ዕለት የተወሰነው በሙሉ፣ ቀደም ሲልም ስለ አጥር መዋጮ የተወሰነው፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ከእንግዲህ ኮሚቴው ከቤት ቤት ሄዶ ልጆቹ እንዳይቀሩ ከመጠየቅ በቀር ምንም ነገር እንዳይወስን ተወስኗል። ቄስ ገብረ ዮሐንስ ይህም ራሱ ውሳኔ ስለሆነ አብሮ ይሻራል ወይ የሚል ጥያቄ አንስተው፣ በጥያቄው ላይ ሰፊ ክርክር ተጀመረ።

ክርክሩን ወደ ክፍሉ ገብተን ልንቀጥል ስንል መቀመጫ አልነበረም። መምህርት ሔለን ልጆቹን አስገብተው አስቀምጠዋል፤ በአንድ ዴስክ አራት አምስት ሆነው፣ የተረፉትም መሬት ተቀምጠዋል። የጸሐፊው አጀንዳ ከሰሌዳው ጠፍቶ ማባዛቱ ተሟልቷል። ስለዚህ ኮሚቴው ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ክርክሩን ቀጠለ። ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነጥብ ሁለትን በማብራራት ላይ ሳሉ ባንቺዓለም በበሩ ብቅ ብላ፣ መምህርቷ ዝም በሉ እንዳሉን ነገረችን።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ያለ መዝጊያ ንግግር፣ በሹክሹክታ ተጠናቀቀ።